ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ንገረው

ሜይ ዘጠኝ፣ ሐሙስ፣ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እህቴ ቶኮ የወንድማችንን ልጅ ቦንጌኪሌን በሩ ላይ አቁማ፣ «ዛሬ ተማሪ አይደለሽም። ዛሬ ልጅ ነሽ፤ ልጅ ደግሞ ዝም ይላል» አለቻት። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ቦንጌኪሌ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፣ ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላለች፣ በእጇ ደግሞ የአባቷን የጥርስ ብሩሽ በወረቀት ከረጢት ይዛለች። ላስቲክ ያልባል፣ ያበላሸዋል ብላ ነው ከመታጠቢያው ቤት ካነሳችው ጀምሮ በወረቀት ያስቀመጠችው። ቶኮ ከረጢቱን አየት አድርጋ፣ «እሱንም አስቀምጪው። የምንሄደው ሬሳ ለመውሰድ ነው፣ ጥርስ ለመፋቅ አይደለም» አለች። ልጅቷ ከረጢቱን አላስቀመጠችም፤ ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቤቱ የወንድሜ የቬላፊ ቤት ነው፣ ኡምላዚ ውስጥ፣ ከወንዙ በላይ ያለው ተዳፋት ላይ። ሳሎኑ ውስጥ የነበሩትን ሶፋዎች፣ ራሴ ልብሳቸውን የሰፋሁላቸውን፣ ጎረቤት ቤት ወስደናቸዋል። በምትካቸው ፍራሽ ተነጥፏል፣ መስታወቱ በአንሶላ ተሸፍኗል። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ የተገዛው በሬ ከጎረቤት አጥር ጋር ታስሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ አድሯል። ቀብሩ ቅዳሜ ነው ተብሎ በቤተ ክርስቲያን ተነግሯል። ከኖንጎማ የሚመጡ ዘመዶች አውቶቡስ ተኮናትረዋል። ሁሉም ነገር ተሰናድቶ የቀረው ሬሳው ብቻ ነበር።

ወንድሜ የጠፋው ከፋሲካ በኋላ በመጣው ጎርፍ ነው። ወንዙ ሞልቶ ዳር ዳሩን ያሉትን የቆርቆሮ ቤቶች መጥረግ ሲጀምር፣ እሱ ከወደብ ሥራው ገና መግባቱ ነበር፤ ምግቡን እንደቀረበ ትቶ ሰዎቹን ሊያግዝ ወረደ። የአንዲት ሴት ፍሪጅ በትከሻው ተሸክሞ ሽቅብ ሲወጣ ያዩት አሉ። ፍሪጁን አድርሶ እንደገና ወረደ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። በሳምንቱ ግድም ወንዙ ከባሕር የሚገናኝበት ሸምበቆ ውስጥ አንድ ሬሳ ተገኘ። ፊቱን ውሃው ወስዶታል። የለበሰው ግን የወደብ ሠራተኞች ጃኬት ነበር፣ ከአንገትጌው ውስጥ በማይለቅ ቀለም «ቪ. ምባታ» ተብሎ ተጽፎበታል። ፖሊስ ደውሎ ይህን ሲነግረን ቶኮ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች። ከዚያ ተነስታ ድስት መዋስ ጀመረች። እንዲህ ናት፤ ሐዘኗ በእጇ ነው የሚወጣው።

ቦንጌኪሌ በዚያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲው የፎረንሲክ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየጨረሰች ነበር። የምታጠናው ስም ስላጡ ሬሳዎች ነው፤ ከአጥንት፣ ከጥርስ፣ ከድሮ ስብራት ተነስቶ ሰውን ወደ ስሙ እንዴት እንደሚመልሱት። ለጥናቷም በከተማው የሬሳ ምርመራ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር፣ ያው ሬሳው በተቀመጠበት። ሰፈሩ በዚህ ሥራዋ ሲስቅ ኖሯል። «በዚያ እጅ ያቦካችውን ዳቦ ማን ይበላል?» ይሏታል፤ ባል እንደማታገኝ በፊቷ ይነግሯታል። ወንድሜ ግን ወደብ ላይ ለሁሉም ያወራ ነበር። «ልጄ ሐኪም ናት፣ በሽተኞቿ ግን ወረፋ ረዘመ ብለው አይሳደቡም» ይል ነበር። አብረዋት የተማሩት አንዱ በፖሊስ ላቦራቶሪ ጥይት ይመረምራል፣ አንዷ ባንክ ገብታ የተጭበረበረ ፊርማ ታጣራለች፣ ሌላው ለኢንሹራንስ ኩባንያ የተቃጠለ መኪና ያያል። ያ ኩባንያ ለእሷም ደውሎላታል፤ ደመወዙ ጥሩ ነው፣ መኪና አለው። ቶኮ ይህን ካወቀች ጀምሮ ምሳም እራትም ላይ የምታነሳው እሱን ነበር።

ሬሳው ከተገኘበት ቀን አንስቶ ቦንጌኪሌ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል አልገባችም። ለአለቃዋ ሄዳ፣ አባቴ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ እጄን አላስገባም ብላ አስታወቀች። የራስን ሰው መመርመር በሙያቸው ክልክል ነው። የክፍሉ ቁልፍ በኪሷ ነበር። ማታ ማታ ቤት ስትገባ ያንን ቁልፍ አውጥታ የሳሎኑ መስኮት ላይ ታስቀምጠው ነበር፣ ጠዋት መልሳ ትወስደው ነበር። አባቷ ይሁን አይሁን ገብታ ለማየት የሚከለክላት ማንም አልነበረም፣ ከራሷ በቀር። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን አንድ ቀን አላድርም ነበር።

እንደ ወጉ መጀመሪያ ወደ ወንዙ ወረድን። በእጄ የቁርቁራ ቅርንጫፍ ይዣለሁ፣ ጎህ ሳይቀድ የቆረጥኩት። ሰው ከቤቱ ውጭ ሲሞት መንፈሱ የወደቀበት ቦታ ላይ ይቀራል፤ ዘመዱ ሄዶ በቅርንጫፉ ይጠራዋል፣ ይዞት ወደ ቤት ይገባል። ቅርንጫፉን የያዘ ሰው ከተጠራው ሙት በቀር ከማንም ጋር አይነጋገርም። አንዲት ቃል ለሕያው ሰው ከተናገረ የጠራውን እዚያው መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ጎርፉ የጠረጋቸው ቤቶች የነበሩበት ጭቃ ላይ ቆሜ፣ «ሻንዱ፣ የንዳባ ዘር፣ ቬላፊ» ብዬ በዘራችን የክብር ስምና በስሙ ጠራሁት። «እኔ ነኝ፣ ታናሽህ ሙዚ። ውሃው ይበቃሃል። ና፣ ወደ ቤት እንሂድ።» ከዚያ በኋላ አፌ ተዘጋ።

ታክሲው ላይ ቶኮ የአራት ሰው ከፈለች፣ ለሰው አስራ አምስት ራንድ። ሾፌሩ ለምን አላለም። ከኋላ የተቀመጠች ሴት ዘንቢሏን ከአጠገቤ ካለው ወንበር ላይ ፈጥና አነሳች። ትንሽ እንደሄድን አንድ ጎረምሳ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ገባና እዚያ ሊቀመጥ ሲል ረዳቱ ክንዱን ያዘው።

«ተይዟል።»

«ማንም የለበትም እኮ።»

«ቅርንጫፉን አታይም? ተከፍሎበታል። ካንተ የተሻለ ተሳፋሪ ነው፤ መልሴን ስጠኝ ብሎ አይጨቀጭቀኝም።»

ጎረምሳው ማዳመጫውን ነቅሎ ኮፍያውን አወለቀ፣ እስከ ከተማ ድረስ ጎንበስ ብሎ ቆመ። ቦንጌኪሌ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ፈገግ ስትል አየኋት። በዚያ ሳምንት ፈገግታዋን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

የምርመራው ቤት መጠበቂያ ክፍል ጠባብ ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ፤ ሦስት አግዳሚ ወንበሮች አሉት፤ ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን ስለ ምግብ አሠራር ያሳያል። በር ላይ አንዲት ሴት ቦምቦሊኖ በሁለት ራንድ ትሸጣለች፣ ማንም ሳይበላ ሁሉም ይገዛል፤ እጅ የሚይዘው ነገር ስለሚፈልግ ነው። የጎርፉ ሟቾች ብዙ ስለነበሩ ወንበሮቹ ሞልተዋል። ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል፣ ግን አይተያይም። አንዲት አሮጊት ቅርንጫፌን አይታ ከጎኗ ሁለት ቦታ ለቀቀችልን፣ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእሱ። ከውስጥ የሚወጡት ሠራተኞች ቦንጌኪሌን ያውቋታል፤ ዝቅ ብለው ሰላም ይሏታል፣ እሷም በአንገቷ ብቻ ትመልሳለች። ጓደኛዋ የሆነች አንዲት ልጅ ነጭ ካፖርት እንደለበሰች መጥታ ትከሻዋን ነካ አደረገችና፣ «በሌላኛው በር ላስገባሽ?» አለቻት። «እንደ ሰው እጠብቃለሁ» አለቻት ቦንጌኪሌ።

ተራችን ሲደርስ ሴሌ የሚባል የፖሊስ መኮንን ከመጠበቂያው ቀጥሎ ወዳለው፣ አንድ ግድግዳው መስታወት ወደሆነ ክፍል አስገባን። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሸሚዙ የትናንት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ የደከመ ሰው ነበር። ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ መጋረጃው ሲከፈት እስከ ደረቱ የተሸፈነ ሰው አየን። ስለ ፊቱ አልጽፍም። ቁመቱ የወንድሜ ነው፣ የትከሻው ስፋትም የወንድሜ ነው ማለት ይቻላል። ጃኬቱ በጎኑ ባለ ጠረጴዛ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ስሙ ወደ እኛ ዞሯል። ቶኮ መዳፏን መስታወቱ ላይ አደረገች። «እሱ ነው» አለች። «ወንድሜ ነው።» መኮንኑ ወረቀቱን ወደ ቦንጌኪሌ አዞረ። የጣት አሻራው በውሃው ጠፍቷል፣ ጃኬቱ ግን አለ፣ ቁመቱም ይገጥማል፣ አንቺን ጨምሮ ሁለት የቤተሰብ ሰው ከፈረመ ዛሬውኑ ትወስዱታላችሁ አላት።

«አንቺስ? አባትሽ ነው?»

ከመስታወቱ ወዲያ ያለውን ሰው አየችና፣ «አላውቅም» አለች።

ቶኮ ዞረችባት። «ስድስት ዓመት ተምረሽ የደረስሽው አላውቅም ላይ ነው? እኔ ያላወቅሁትን አንቺ እንድታውቂ አይደለም እንዴ ያስተማርንሽ?»

«ላውቅ የምችልበት መንገድ ስላለ ነው አላውቅም የምለው፣ አክስቴ።»

«ስሙ ተጽፎበታል እኮ» አለ መኮንኑ። «ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ጃኬት ይሰጣል፣ ይሰረቃል፣ ይዋሳል። ጃኬቱ የአባቴ ነው፣ እሱን እፈርማለሁ። ሰውየውን ግን አልፈርምም።» ከዚያ ወደ ቶኮ ዞረች፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አክስቴ፣ እሱ ነው ማለት ለእኔም ይቀለኛል። ግን ካልሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ አባቴን የሚፈልገው ሰው አይኖርም። ፋይሉ ይዘጋል። ነገ ሌላ ቦታ ቢገኝ ስም የለውም። ይሄንንም ሰው የሚጠብቅ ቤት አለ፤ እኛ ከቀበርነው እስከ ዕለተ ሞታቸው ይጠብቁታል።»

መኮንኑ ዲኤንኤ ይላካል፣ ግን ወረፋው ረጅም ነው፣ ስድስት ወርም ሊፈጅ ይችላል አለ። ቶኮ ይህን ስትሰማ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ስድስት ወር» አለች። «ወንድሜ ስድስት ወር እንደ ዶሮ በማቀዝቀዣ ውስጥ ሊቀመጥ? ሰው ተጠርቷል። በሬው ታስሯል። ሙዚ መንፈሱን ይዞት ቆሟል፣ ታዩታላችሁ፣ አሁን እዚህ ከእኛ ጋር ነው። ምን ብዬ ልመልሰው?»

በዚህ መሐል ሬሳውን የመረመሩት ዶክተር ሙድሊ ከውስጥ ወጡ። አጭር፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው፣ የቦንጌኪሌም አስተማሪዋ ናቸው። ልጅቷ ብድግ ብላ እጅ ነሳች።

«ዶክተር፣ ሙሉ ራጅ ተነስቷል?»

«ተነስቷል። ግን ቦንጌኪሌ፣ ላሳይሽ አልችልም።»

«እንዲያሳዩኝ አይደለም። ለማናችንም እንዳያሳዩን ነው የምለምንዎት። እኛ መጀመሪያ የምናውቀውን እንናገር። ከዚያ እርስዎ ያዩታል።»

ዶክተሯ ክንዳቸውን አጣጥፈው ግድግዳውን ተደገፉ። ቦንጌኪሌ አክስቷን፣ አባቴ ልጅ እያለ ወድቆ፣ ተሰብሮ፣ ታሞ የሚያውቅ ነገር ታስታውሻለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ቶኮ፣ «ምንም። ሆስፒታል ደጅ ረግጦ የማያውቅ ጤነኛ ሰው ነበር» አለች። ይህን ስትል እኔ መሬቱን አየሁ።

የማውቀው ነገር ነበረኝ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ይዤው የኖርኩት ነገር። ከሁለታችን በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ አንዱ ጠፍቷል፣ አንዱ እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ አፌ ታስሯል። ብናገር ወንድሜን እዚያ አረንጓዴ ግድግዳ ስር ጥዬው ልሄድ ነው፣ ከሬሳ ሽታና ከመድኃኒት ሽታ መሐል። ዝም ብል ምናልባት የማናውቀውን ሰው በስሙ ልንቀብር ነው። ቅርንጫፉን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው ደጋግሜ አዛወርኩት፤ ቅጠሎቹ ተንሿሹ። ቦንጌኪሌ ድምፁን ሰምታ ዞረች፣ ፊቴን አላየችም፣ እጄን ነው ያየችው።

«የሚያውቀው ነገር አለ» አለች።

መኮንኑ ፈጠን ብሎ፣ «አይናገር፣ ወጋችንን አውቀዋለሁ፣ እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። አንቺ ጠይቂው፣ እሱ ራሱን ይነቅንቅ» አለ።

«አይሆንም» አለች። «እኔ ጠይቄው እሱ ከነቀነቀ መልሱ የእኔ ነው የሚሆነው። በሰው አፍ ቃል ማስገባት ነው።» ወደ እኔ ቀርባ ቆመች። ታናሽ አባቷ ስለሆንኩ ባባ ነው የምትለኝ፣ አባቷንም እንደዚያው። «ባባ፣ ለእኔ እንዳትነግረኝ። ከማናችንም ጋር አትነጋገር። ከእሱ ጋር መነጋገር ግን ይፈቀድልሃል። እኔ ሳልወለድ በገላው ላይ የደረሰ ነገር ካለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ንገረው። አስታውሰው። እኛ ዝም ብለን እንቆማለን።»

ከአባቶቻችን ማንም እንዲህ አድርጎ እንደሆነ አላውቅም። ስህተት ግን አላገኘሁበትም፤ እስከ ዛሬም አላገኘሁበትም። ቅርንጫፉን ወደ ደረቴ አስጠጋሁና ተናገርኩ።

«ቬላፊ፣ ሻንዱ። ያቺን ዓመት ታስታውሳታለህ፤ ሰው በፓርቲ ተከፍሎ በገዛ ሰፈሩ የሚታደንባትን። እኔ ገና ሱሪዬን በገመድ የማስር ልጅ ነበርኩ። ከቴሌፎን ምሰሶው ጀርባ ሆነው ተኮሱብህ፣ በአደን ጠመንጃ፣ ጥይቱ ፍሬ ፍሬ የሆነ። ከኋላ በግራ ዳሌህና በጭንህ ገባ። ሆስፒታል ብንሄድ እዚያ ይጠብቁናል ብለህ እምቢ አልከኝ። የአሸዋ ጋሪ ላይ ጭኜህ ሚስዝ ንጎንያማ ጋ ወሰድኩህ፣ ነርሷ ጋ። የቻለችውን ለቀመች። የቀሩት ከአንተ ጋር ያርጃሉ፣ ብነካቸው እግርህን ታጣዋለህ አለችህ። አንተም ሳቅህ፣ ልክ እንደ ቆሎ ናቸው አልክ። በብርድ ቀን እግርህን ስትጎትት ልጅህ የወደብ ሥራ ነው የጎዳው ትላለች። እኔም ተውኳት።» እዚህ ላይ ልቆም ፈልጌ ነበር። ግን ለእሱ እየተናገርኩ ግማሹን ብቻ ማለት አልቻልኩም። «ለእህታችን ለቶኮ እንዳልነግራት ያስማልከኝ፣ ከተኳሾቹ አንዱ የባሏ ወንድም ስለነበረ ነው። ቤቷ በእኔ ምክንያት አይፍረስ አልክ። አልነገርኳትም፣ ወንድሜ። አሁንም የምነግረው ለአንተ ነው።»

በተከፈተው በር በኩል፣ መጠበቂያው ክፍል ያለው ቴሌቪዥን ላይ አንዲት ሴት ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ዶክተር ሙድሊ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሲመለሱ አንዲት ኮምፒውተር በእጃቸው ይዘው መጡ፣ የመኮንኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ወደ ሁላችንም አዞሯት። ከወገብ እስከ ጉልበት ያለው አጥንት ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ንጹሕ፣ እንደ ታጠበ። «የጥይት ፍሬ ቢኖር ከአጥንቱ ይልቅ ይነጣ ነበር፣ ሕፃን ልጅ ያየዋል» አሉ። «በዚህ ሰው ገላ ውስጥ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ቅንጣት ብረት የለም።»

ቦንጌኪሌ ማያውን አይታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አባቷ አለመሆኑን ማወቅ አባቷን መልሶ አይሰጥም። ቀብሩንም፣ መቃብሩንም፣ ቅዳሜ ልታለቅስበት የነበረውን ቦታ ሁሉ በገዛ አፏ አስቀርታለች። ስትነሳ መጀመሪያ የጠየቀችው ሰውየው እስከ ራሱ እንዲሸፈን ነው። ቀጥላ መኮንኑ ስሙን ከእግሩ ላይ ካለው መለያ እንዲፍቅለት፣ ጃኬቱም ከእሱ ጋር እንዲቆይ ጠየቀች። በመጨረሻ ከቦርሳዋ የወረቀቱን ከረጢት አውጥታ፣ የአባቷ ዲኤንኤ ከብሩሹ እንዲወሰድ ለፋይሉ አስረከበች፣ እንደ ማንኛውም ሰው ፈርማ።

መኮንን ሴሌ ቅርንጫፉን እያየ፣ ሳያፌዝ፣ ከልቡ፣ «ታዲያ አሁን የያዛችሁት ማንን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«አባቴን ነዋ» አለችው። «የተጠራው ከወንዙ ነው፣ ከዚህ አይደለም።»

ስንመለስም ቶኮ የአራት ሰው ከፈለች። እስከ ግማሽ መንገድ እጆቿን ጭኖቿ ላይ ዘርግታ ታያቸዋለች፣ የሌላ ሰው እጆች ይመስል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ወደ እኔ ዘንበል አለች፤ ለእኔ መሰለኝ፣ ግን ለቅርንጫፉ ነበር። «ቬላፊ» አለችው። «በየገናው ቤቴ ትመጣ ነበር። ከባሌ ወንድም ጎን ትቀመጥ ነበር። ስጋውን ቆርጠህ ታጎርሰው ነበር እኮ። ምነው ወንድሜ፣ ለትዳሬ ነው ያዘንክልኝ?» ከዚያ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ እስከ ሰፈር ድረስ አለቀሰች፣ ሬሳው ተገኘ በተባለ ቀን እንኳ ያላለቀሰችውን። ቦንጌኪሌ እጇን ወስዳ ያዘችላት። በዚያ እጅ፣ ሰፈሩ ዳቦ አንበላበትም ባለው እጅ።

ግቢው ስንደርስ ድንኳኑ ስር የተቀመጡት ተነሱ፣ የሬሳ ሳጥን የጫነ መኪና ከኋላችን እየፈለጉ። እኔ በቀጥታ ወደ ውስጥ ገብቼ ቅርንጫፉን የአባቶች ቦታ በሆነው ጥግ አኖርኩት፣ «ገብተሃል» አልኩት፣ ከዚያም ለሕያዋን የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ውሃ ስጡኝ የሚል ሆነ። ከውጭ ጉምጉምታ ሰማሁ። አንዲት ጎረቤት፣ መማር ጥሩ ነው ግን አባቱን እንዳይቀብር የሚያደርግ ትምህርት ምን ዓይነት ነው ትላለች። ቶኮ የድስቶቹን ክዳን እየመለሰች ነበር። ቀና ሳትል፣ «የሰው ሬሳ ልሰርቅ ሄጄ ልጄ አስጣለችኝ። ልጄን የሚናገር ያዋሰኝን ድስት ይዞ ይውጣ» አለች። የወጣ የለም። «ልጄ» ስትላት የሰማሁትም ያኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቦንጌኪሌ ቀሚሷን ሳትቀይር ወደ ወንዙ ዳር ወረደች፣ ቶኮም ተከተለቻት። ከጎርፉ የተረፉት ሰዎች በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠልለው ነበር። ከእያንዳንዱ ፍራሽ አጠገብ ተንበርክካ የምትጠይቀው ማን ሞተ ብላ አይደለም፤ አባቴ ለማን ምን ሰጥቶ ያውቃል ብላ ነው። ሰው ስለ ሞት ሲጠየቅ ይዘጋል፣ ስለ ስጦታ ሲጠየቅ ይከፈታል ብላ በኋላ ነገረችኝ። አንዱ የዝናብ ጫማ አለ፣ አንዷ የልጅ አልጋ አለች። ፍሪጇን ያወጣላት ያቺ ሴት ግን፣ ጃኬቱን በፋሲካ ዋዜማ ለሞዛምቢኩ ሰውዬ ሰጥቶት ነበር አለች፣ ማታ ማታ መኪና ለሚጠብቀው። አርሚንዶ ይባላል። የአባቱን ስም የሚያውቅ አልተገኘም።

ወንድሜ ልጁን ለሰው ሲያወራ የሚስቅ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ከመስታወቱ ፊት ቆማ አላውቅም ስትል፣ የሚኮራበት ምን እንደነበር ገባኝ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ የተማሩ ሰዎች አይቻለሁ፣ ሶፋቸውን ሰፍቻለሁ፣ ወሬያቸውን ሰምቻለሁ። በገዛ ሐዘኗ ላይ ቆማ እውነቱ እስኪመጣ የምትጠብቅ ሰው ግን እሷን ብቻ ነው ያየሁት።

ቦንጌኪሌ በሚቀጥለው ዓመት ተመረቀች። የኢንሹራንሱን ሥራ አልወሰደችም፤ እዚያው ምርመራ ቤት፣ ስም ያጡትን በሚፈልገው ክፍል ተቀጠረች። እሷ ከተመረቀች በኋላ የአርሚንዶ ኮሳ ሚስት ከሞዛምቢክ፣ ከሻይሻይ መጣች፤ የልጃቸው ዲኤንኤ ከሬሳው ጋር ገጥሞ አርሚንዶ ወደ አገሩ ተወሰደ፤ ቶኮ እስከ ድንበሩ ድረስ ሸኘችው። የወንድሜ ፋይል እስከ ዛሬ ክፍት ነው።